የአባቴን ማዳበሪያ ጥናት ጽሑፍ ውስጥ ማስገባት ይቻላል?

የሉማሜዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለግሎባል ትሬንድስ ኮርስ በአንድ ወቅታዊ ዓለም አቀፍ ጉዳይ ላይ 10 ገጽ ጽሑፍ ታዘናል። ርዕሴን «የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት በዓለም ኢኮኖሚ ላይ ያስከተለው ተፅዕኖ» ብዬ አስገባሁ። «ሰፊ ነው፣ አጥብቢው» ተብሎ ተመለሰልኝ። እንዴት እንደሚጠብ ግን አልገባኝም።

ርዕሱን የመረጥኩት ዜና ሰምቼ አይደለም። አባቴ ገበሬ ነው። በ2014 ክረምት ሦስት ኩንታል ማዳበሪያ ሊያመጣ ወጥቶ፣ በያዘው ብር አንድ ኩንታል ተኩል ጭኖ ተመለሰ። ለምን ተወደደ ብሎ ሲጠይቅ «በጦርነቱ ነው» አሉት። «የትኛው ጦርነት? የእኛው ነው የፈረንጆቹ?» አላቸው። የፈረንጆቹ ነው ተባለ። ያን ዓመት ዩሪያውን ለበቆሎው የሰጠው በለስላሳ ቆርኪ እየለካ ነው። እኔ ከኋላ ከኋላው አፈር እመልስ ነበር። አንዴ ቆርኪው ሞልቶ ፈሰሰበት። ጎንበስ ብሎ ነጩን ፍሬ አንድ በአንድ ከጭቃው ለቀመው። እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

እንዲህ ያለ ነገር ጥናት ውስጥ ይገባል? ወይስ «የግል ታሪክ ነው» ተብሎ ማርክ ያስቀንሳል? መረጃስ ከየት ላምጣ?

ጣና ዳር፦

እኔ ብሆን ስለ ዓባይ ነበር የምጽፈው። ምንጩ እዚሁ ሰከላ ነው። ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 ውሃውን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ሲካፈሉ ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። የተፋሰሱ አገሮች የትብብር ማዕቀፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ጸንቷል። ጽሑፍ እንደ ልብ ታገኛለሽ። አስቢበት።

መምህር ከቡሬ፦

ልጄ፣ ርዕስሽን አትቀይሪ። ዓባይ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ግን ከክፍልሽ ግማሹ እሱን ነው የሚጽፈው። አንቺ በእጅሽ የነካሽው ነገር አለሽ።

አባትሽ የጠየቁት ጥያቄ ራሱ የጥናት ጥያቄ ነው። «የትኛው ጦርነት?» እኔ ግን ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እወስድሻለሁ። በእርግጥ ያስወደደው ጦርነቱ ነው?

ቀኑን አስቀድሚ። ሩሲያ ዩክሬንን የወረረችው እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 2022 ነው፤ በእኛ የካቲት 17 ቀን 2014። አሁን የዓለም ባንክን ወርሃዊ የሸቀጦች ዋጋ ሰንጠረዥ ክፈቺ። በነፃ ይወርዳል፣ በኤክሴል ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 አንድ ቶን ዩሪያ ከ300 ዶላር በታች ነበር። በኅዳር 2021 ወደ 900 ዶላር ደርሷል። ጦርነቱ ገና ሦስት ወር ይቀረዋል!

ምክንያቱ ምንድን ነው? ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው። አሞኒያው በአብዛኛው የሚመረተው በተፈጥሮ ጋዝ ነው። በ2021 አውሮፓ ውስጥ ጋዝ ተወደደ፣ ፋብሪካዎች ምርት ቀነሱ። በዚያው ዓመት መጸው ላይ ቻይና ማዳበሪያ ወደ ውጭ እንዳይወጣ መቆጣጠር ጀመረች። ጦርነቱ የመጣው በዚህ ላይ ነው። ሩሲያ ከዓለም ዋና ማዳበሪያ ሻጮች አንዷ ናትና ዋጋው እንደገና ተነሳ፤ ሚያዝያ 2022 ላይ 900ን አለፈ። ስለዚህ ጦርነቱ እሳቱ ላይ ቤንዚን ጨመረ እንጂ ክብሪቱን አልጫረም። ይህን ስታገኚ ርዕሴ ተበላሸ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ጽሑፉን ጽሑፍ የሚያደርገው እሱ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የዩሪያ ዋጋ ከ400 ዶላር በታች ወርዷል። ታዲያ ሉማሜ ላይ ወረደ ወይ? ካልወረደ መንገዱን ተከተይው። ግዥው ከክረምቱ ወራት ቀድሞ በጨረታ ይፈጸማል፣ መርከብ አለ፣ ጅቡቲ አለ፣ የጭነት መኪና አለ፣ የገበሬዎቹ ዩኒየን አለ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አለ። በዚያ ላይ የምንዛሬው ነገር አለ። በእኛ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ማዳበሪያ ደግሞ የሚገዛው በዶላር ነው።

አደራ፣ ዓመተ ምሕረቱንና እ.ኤ.አ.ን አትቀላቅይ። የአባትሽ 2014 ክረምት የፈረንጆቹ 2022 ነው። ተማሪዎቼ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ያለው መስመር ሠርተው «ግንኙነት የለውም» ይሉኛል።

ሳሮን፦

እኔ አምና ተመሳሳይ ጽሑፍ ሠርቼ ነበር። የአባትሽን ታሪክ መግቢያ ላይ አንድ አንቀጽ አድርጊው። ለማስረጃነት ግን የእሳቸው ብቻ አይበቃም። ሌላ አምስት ስድስት ገበሬ ጠይቂ፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ በየዓመቱ ስንት ኩንታል ገዙ፣ ከማን፣ በስንት። መልሱን እዚያው ጻፊው፣ በኋላ አስታውሳለሁ አትበይ። ቻትጂፒቲ የሚሰጥሽን የመጽሐፍ ስም ደግሞ ፈልገሽ ሳታገኚው እንዳታስገቢ። የጓደኛዬ ሦስት ምንጮች በዓለም ላይ የሌሉ ሆነው ተገኙ።

እና አባትሽ ደረሰኝ ያስቀምጣሉ?

የሉማሜዋ፦

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰንጠረዡን አወረድኩት፣ እንዳሉት ነው። የኅዳሩን ቁጥር ሳየው ደግሜ ደጋግሜ ቀኑን አረጋገጥኩ። እኔም አባቴም ለዓመታት ጦርነቱን ብቻ ስንወቅስ ነበር።

ርዕሴን ወደ ወረዳችን ወደ አዋበል አጥብቤ እንዲህ አደረግኩት፦ «የዩሪያ የዓለም ዋጋ ለውጥ አዋበል ወረዳ ላሉ ገበሬዎች እንዴት ደረሰ? ከ2013 እስከ 2016 ዓ.ም.»። ዛሬ ተቀባይነት አገኘ።

ሳሮንዬ፣ የደረሰኙን ነገር ስላነሳሽ ተባረኪ። ማታ ደወልኩለት። ሳጥን ውስጥ በፌስታል ጠቅልሎ አስቀምጦታል። እናቴ በባትሪ እያበራችለት አንድ በአንድ አነበበልኝ። የ2013 አለ፣ የ2014 አለ፣ የ2016 አለ። የ2015 የለም። ጠፍቶ ነው ወይ አልኩት። «አልጠፋም። ያን ዓመት ከማኅበሩ አልደረሰኝም፤ ከነጋዴ ነው የገዛሁት። ነጋዴው ደረሰኝ አልሰጠኝም» አለኝ። በስንት ገዛህ ስለው ዝም አለ። ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ጎረቤቶቻችንን መጀመሪያ የምጠይቃቸው ስለዚያ ዓመት ነው።