አስቸኳይ! ነገ ጠዋት የቦርድ ስልጠና አለን፣ አሰልጣኙ መምጣት አልቻለም

የአራዳዋ፦
እንዴት አመሻችሁ። ፈጣን መልስ እፈልጋለሁ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ለቦርዳችን የሀብት ማሰባሰብ ስልጠና አለን። አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነበር። አሁን ደውሎ ልጁ ታሞ ሆስፒታል እንደገባና መምጣት እንደማይችል ነገረኝ። ስላይዱን ላከልኝ። 84 ገጽ ነው፣ ሁሉም እንግሊዝኛ። አዳራሹ ተከፍሏል፣ ምሳው ታዟል። ከደባርቅና ከቆላድባ የሚመጡት ሁለት አባላትም ጎንደር ገብተዋል። ለነገ ሊደርስልኝ የሚችል አሰልጣኝ የምታውቁ አላችሁ? ወይስ ራሴ ላስተምር?

አዘዞ፦
በዙም ያስተምራችሁ። ልጁን እያስታመመም ቢሆን ሁለት ሰዓት አያጣም።

የአራዳዋ፦
ሰውየው ሆስፒታል ነው ያለው፣ እንዴት ብዬ እለምነዋለሁ? አዳራሹም ውስጥ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል።

ማራኪ፦
84 ስላይድ! ከምሳ በኋላ እሱን እስከ መጨረሻው ሳያንቀላፋ ያየ የቦርድ አባል ካለ ሰርተፊኬቱ በወርቅ ይጻፍለት።

ጋሼ መምህሩ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ሀብት ማሰባሰብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሄንሪ ሮሶ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1974 ለዚሁ ብቻ ትምህርት ቤት ከፈተ። ዛሬ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ስር ነው። ሮሶ ትምህርቱን የሚጀምረው ከገንዘቡ አይደለም። ድርጅቱ ለምን እንዳለ አጥርቶ ከመናገር ነው። የእኛም አገር የራሱ ታሪክ አለው። በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማህበራት አዋጅ 621/2001 ጊዜ በመብት ጉዳይ የሚሰራ ድርጅት ከውጭ ማግኘት የሚችለው ከገቢው 10 በመቶ ብቻ ነበር። ያኔ ብዙዎቹ ስራቸውን ቀየሩ። አዋጅ 1113/2011 ሲመጣ ያ ገደብ ተነሳ፣ ገቢ የሚያስገኝ ስራ መስራትም ሰፋ ብሎ ተፈቀደ። የቦርዶች ልማድ ግን እንዳለ ነው። ፕሮፖዛል ይላካል፣ ከዚያ ይጠበቃል። የከተማውን ሰው ቀርቦ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ነገ ከታሪኩ ብትነሺ መልካም ነው።

ማራኪ፦
ጋሼ፣ በዚህ አያያዝ ምሳ ሲደርስ ገና አዋጁ ላይ ነን።

የቀድሞ ኦዲተር፦
ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ጥያቄሽ ራሱ ልክ አይመስለኝም። የብዙ ድርጅት ሂሳብ አይቻለሁ። ቦርድ ገንዘብ የማያመጣው ስልጠና ስላልወሰደ አይደለም። ሲጋበዝ “ስምዎ ብቻ ይበቃናል” ተብሎ ስለገባ ነው። እስቲ ንገሪኝ። ቦርዱ በዓመት ስንት ጊዜ ይሰበሰባል? ከኪሱ የሰጠ አባል አለ? የዘንድሮን ሂሳብ አይተውታል?

የአራዳዋ፦
ነገ ጠዋት ነው ያልኩት እኮ! አሁን ቦርድ የምገመግምበት ሰዓት ነው? ለማንኛውም፣ በዓመት ሁለቴ ይሰበሰባሉ። ገንዘብ ጠይቀናቸው አናውቅም። ጊዜያቸውን በነጻ እየሰጡን እንዴት እንጠይቃለን? ሂሳቡ ይነበባል፣ በጭብጨባ ይጸድቃል።

የቀድሞ ኦዲተር፦
በይ እንግዲህ፣ ስልጠናሽ እሱ ነው። አሰልጣኙ ቢመጣም ይህን አይነካላችሁም ነበር።

አዘዞ፦
በስልክ ሆትስፖት ከፍታችሁ ዙሙን ሞክሩት እንጂ።

ወለቃ፦
እህቴ፣ ድርጅቱ ምን እንደሚሰራ አልነገርሽንም። ቦርዱ እነማን ናቸው? ገንዘቡ ለምን ተፈለገ?

የአራዳዋ፦
ውይ፣ እውነትሽን ነው። ከጭልጋ፣ ከበለሳ፣ ከጃናሞራ ልጅ ይዘው ለህክምና ለሚመጡ እናቶች ማደሪያና ምግብ እንሰጣለን። ወጪውን የሚሸፍነው አንድ የውጭ ድርጅት ነው። ውሉ ሰኔ 30 ያልቃል፣ አይታደስም ተብለናል። ቦርዱ ዘጠኝ ሰው ነው። ነጋዴዎች፣ ሆቴል ያላቸው አንድ፣ ሐኪም፣ ቄስ፣ ጠበቃ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት አሉበት።

ወለቃ፦
እንዲህ ከሆነ ሌላ አሰልጣኝ አትፈልጊ። ስላይዱንም ተይው። ግማሽ ቀን ይበቃችኋል፣ ራስሽ ምሪው። ከአንድ የሴቶች ማህበር ቦርድ ጋር የሰራነውን ልንገርሽ።

ዛሬ ማታ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጂ። ከአንድ ገጽ አይለፍ። አንዲት እናት እናንተ ጋ አንድ ሌሊት ስታድር ስንት ብር እንደሚወጣ አስልተሽ ጻፊ። እንጀራው፣ ሽሮው፣ ሳሙናው፣ የብርድ ልብሱ አጠባ፣ ውሃና መብራቱ፣ ከዘበኛው ደሞዝ የሚደርሳት። ከስሩ ከሐምሌ ጀምሮ በየወሩ የሚጎድለውን አስቀምጪ። ለሁሉም ኮፒ አስነሺ።

ጠዋት ንግግር አታብዢ። ወረቀቱን ስጪያቸውና ያንብቡት። ከዚያ “ይህ ቤት ቢዘጋ ምን ይሆናል?” ብለሽ ሁሉም በየተራ በራሱ አፍ ይናገር። ከሐኪሙ ጀምሪ። እናቶቹ ማደሪያ ሲያጡ ኮሪደር ላይ ነጠላ አንጥፈው ሲያድሩ የሚያዩት እሳቸው ናቸው። ጋሼ መምህሩ “ለምን እንዳለ” ያሉት ይኸው ነው።

ቀጥሎ ከባዱ ይመጣል። ሰብሳቢው የራሳቸውን ስጦታ ቀድመው ይናገሩ። አዳራሽ ውስጥ ዱብ ዕዳ እንዳይሆንባቸው ዛሬ ማታ ደውለሽ ንገሪያቸው። ቁም ነገሩ መጠኑ አይደለም። መምህርቷ ከጡረታቸው በወር 100 ብር ካሉ፣ 100 ብር ነው። ዋናው ዘጠኙም መስጠታቸው ነው። ነጋዴ ስትጠይቂው መጀመሪያ “እናንተስ ምን አዋጣችሁ?” ይልሻል። ራሱ የሰጠ ሰው ያኔ አንገቱን አይደፋም።

ከሻይ በኋላ እያንዳንዱ የአምስት ሰው ስም ይጻፍ። የከተማውን ባለጸጋ አይደለም፣ ሲደውልለት ስልኩን የሚያነሳለትን ሰው። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ይለማመዱ፣ አንዱ ጠያቂ አንዱ ሰጪ። ሲጠይቁ መጠኑን ቆርጠው ይናገሩ። “የቻልከውን እርዳን” ከተባለ ሰው 200 ብር አውጥቶ ይገላገላል። “ጋሼ፣ የአምስት እናቶችን የአንድ ወር ማደሪያ ይሸፍኑልን” ሲባል ግን ቁጭ ብሎ ያስባል። ይህን ካሉ በኋላ ዝም ይበሉ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ዝምታው ይጨንቀውና “ካልተመቸዎት ችግር የለም” ብሎ ጥያቄውን ራሱ ያነሳዋል። ዝም አይነቅዝም፣ ይታገሱ።

ከመበተናችሁ በፊት ማን፣ ማንን፣ እስከ መቼ እንደሚያነጋግር ጻፊና አንብቢላቸው። ቀን ያልተቆረጠለት ቃል እስከ ቀጣዩ ስብሰባ ይረሳል።

የአራዳዋ፦
እግዜር ይስጥሽ! ይህን እሰራለሁ። ግን ቄሳችን ገንዘብ ጠይቁ ቢባሉ የሚሆንላቸው አይመስለኝም። ጠበቃውም ስራቸው ከነጋዴ ጋር ስለሆነ ይፈራሉ።

ወለቃ፦
አታስገድጃቸው። የሰጡትን ሰዎች ደውሎ ማመስገን ለቄሱ ስጪያቸው። ከእሳቸው አፍ የወጣ “እግዚአብሔር ይስጥልን” ከእኔና ካንቺ ደብዳቤ ይበልጣል። ሲደውሉ ግን ሌላ ገንዘብ እንዳይጠይቁ፣ ምስጋና ብቻ ይሁን። ጠበቃው ደብዳቤውን ይጻፉ። ሆቴል ያላቸው ደግሞ ሰዎቹን ለቡና ይጥሩ። ቦርድ ላይ ሁሉም ጠያቂ አይሆንም፣ ስራ የሌለው ግን አይኑር።

ፒያሳ፦
አንድ የማውቀው ልጅ አለ። ፕሮፖዛል ጎበዝ ነው። ቅድሚያ አይጠይቅም፣ ከመጣው ገንዘብ 10 በመቶ ይወስዳል። በውስጥ መስመር ስልኩን ልላክ?

የቀድሞ ኦዲተር፦
ይህን እንዳታደርጊው! የአሜሪካው የገንዘብ አሰባሳቢዎች ማህበር የስነምግባር ደንብ በመቶኛ መክፈልን በግልጽ ይከለክላል። ሰጪው ብሩን የሰጠው ለእናቶቹ ነው። ከሱ ላይ ለደላላ መቆረጡን የሰማ ቀን ሁለተኛ አይሰጥሽም። በዚያ ላይ በመቶኛ የሚከፈለው ሰው ዛሬ የሚያገኘውን እንጂ በሚቀጥለው ዓመት ማን እንደሚሰጣችሁ አያስብም። ልጁ ጎበዝ ከሆነ ለስራው የተቆረጠ ዋጋ ተዋዋሉ።

ሌላም ልጨምር። “ለቢሮ ስንቱ ይወጣል?” የሚል አይጠፋም። አዋጅ 1113 እንደናንተ ለሌላው ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ዘጠኙም አባላት የእናንተን ቁጥር በቃላቸው ይያዙት። ነጋዴም ደረሰኝ ይፈልጋል። ደረሰኝ ሳይዛችሁ ደጁ እንዳትሄዱ።

ፒያሳ፦
እኔ በቅን ልቦና ነው ያልኩት። ገባኝ።

ጋሼ መምህሩ፦
የኦዲተሩ ትክክል ነው። በቦርድ የሚመራ ድርጅት ከሆናችሁ የአባላት ቁጥር ከ5 እስከ 13 ነው የሚፈቀደው። ዘጠኝ ስለሆናችሁ ሰው የመጨመር ቦታ አላችሁ። ነገ ግን አዲስ አባል ስለማስገባት አታንሺ። ያሉት ሳይሰሩ ሰው ማብዛት ወንበር ማብዛት ነው። መጀመሪያ እነሱ ይጀምሩ። ከዚያ የጎደለውን ሰው በስሙ ሳይሆን በሚሰራው ስራ ፈልጉ። የአባልነት ዘመኑም በደንባችሁ ይጻፍ።

የአራዳዋ፦
ወረቀቱን ጽፌ ጨረስኩ። ደብተሩን ሳየው ከምግቡ ይልቅ ውሃ ነው ብዙ የሚበላው፣ በቦቴ ስለምንገዛ። ይህን ቦርዱ አያውቅም። ሰብሳቢው ግን ስልክ አያነሱም። ምን ይሻላል?

ወለቃ፦
ምክትሉ ጋ ደውይ። እሱም ካልሆነ ሆቴል ያላቸው ይቅደሙ። ማንም ይሁን፣ ሳይነገረው እንዳይገባ። የውሃውንም ነገር ከወረቀቱ አናት ላይ አውጪው። የአንድ ቦቴ ውሃ በየወሩ የሚሸፍን ሰው መፈለግ ይቀላል፣ ሰው ምን እንደገዛ ያውቃል።

አዘዞ፦
አሰልጣኙ ግማሽ ሰዓት በዙም ቢገባ እንኳ አንድ ነገር ነው።

ማራኪ፦
አዘዞ፣ ዙም አክሲዮን አለህ እንዴ?

ማራኪ፦
የአራዳዋ፣ እንዴት ዋለ? ሰብሳቢው ተገኙ?

ደባርቅ፦
እኔም መልሱን እየጠበቅኩ ነው። የእኛ ቦርድ ሐምሌ ላይ ይሰበሰባል። ባለ አንድ ገጹን ወረቀት ስሙን አጥፍተሽ ብትልኪልን።

ወለቃ፦
እስክትመለስ እኔ የሴቶች ማህበሩን ወረቀት ነገ እለጥፍላችኋለሁ። ቁጥሩን ብቻ በራሳችሁ ቀይሩት።