አስቸኳይ፦ ባክበልቦቼ ላስቲክ ውስጥ ሻገቱ! ልጣላቸው?

የመስኮት ዳር (ጠያቂ)፦
ሰዎች፣ ቶሎ በሉልኝ። እንዲበቅሉ ብዬ አምስት ሳምንት ላስቲክ ውስጥ ያቆየኋቸውን የኦርኪድ ባክበልቦች አሁን ስከፍት ነጭ ሻጋታ ለብሰው አገኘኋቸው። ሦስት ናቸው። አንዱን ጫን ሳደርገው ጣቴ ገባ፤ ሽታው አያድርስ ነው። ሁለቱ ግን እንደ ድንጋይ ጠንካራ ናቸው። ቡቃያ የሚባል ነገር የለም። ልጣል? ልጠባቸው? በአንድ እጄ ይዣቸው ነው የምጽፈው።

ለምለም፦
የምን ኦርኪድ? እርጥበቱ ምን ያህል ነው? የት ነው የተቀመጠው? ምንም አልነገርሽንም እኮ።

ባለ ቀረፋው፦
የተፈጨ ቀረፋ ነስንሺበት። አለቀ።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
ይቅርታ፣ እኔ እስከ ዛሬ ባክበልብ ስትሉ «ባክህ፣ በልብህ ያዘው» የምትሉ ይመስለኝ ነበር። ምንድን ነው እሱ?

ጋሽ ሥሩ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ልጄ። እንደ ሲምቢዲየም፣ ካትሊያና ኦንሲዲየም ያሉት ኦርኪዶች ወደ ጎን እየተራመዱ ነው የሚያድጉት። አዲስ እድገት ሲመጣ ከፊት ያበጠ ግንድ፣ ማለትም በልብ፣ ይጨምራሉ። የኋለኛው እያረጀ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ግን አይሞትም። ውሃና ምግብ ይዞ እንደ ጎተራ ይቀመጣል። ባክበልብ የምንለው እሱን ነው። ከሥሩ አጠገብ የተኙ ዓይኖች አሉት፤ ልክ እንደ ድንች። ከፊት ያለው እድገት በሆርሞን ተጭኖ ያስተኛቸዋል። ግንኙነቱ ሲቆረጥ ተጭኖ የያዛቸው ነገር ስለሚነሳ ሊነቁ ይችላሉ። የሚወጣው ተክልም የእናቱ ቁርጥ ቅጂ ነው። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሞሬል በ1960 እ.ኤ.አ. ሲምቢዲየምን ከጫፍ ህዋስ ማባዛት እንደሚቻል እስኪያሳይ ድረስ፣ የአንድን ምርጥ አበባ ቅጂ ማግኛው መንገድ ተክሉን መክፈልና ባክበልብ ማስበቀል ነበር። የዘመኑ ሰው ትዕግሥቱ...

የመስኮት ዳር፦
ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ግን አሁን ምን ላድርግ? ሲምቢዲየም ነው።

ባለ ቀረፋው፦
ቀረፋ አልኩ እኮ።

እውነቱን ልንገርሽ፦
እኔ ግን ከመነሻው አልገባኝም። ለምን ከእናቱ ቆረጥሽው? ከኋላ ያለው በልብ እኮ የፊተኛውን ይመግባል። ቢያንስ ሦስት በልብ ከፊት ካልተረፈ እናቲቱም ትዳከማለች። ደግሞ ከባክበልብ አበባ ለማየት ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ትጠብቂያለሽ። ያደገ ተክል ብታመጪ አይሻልም ነበር?

የመስኮት ዳር፦
አልቆረጥኩም! አፈሩን ስቀይር ራሱ ተገነጠለ። እናቲቱ አምስት በልብ አሏት፣ ደህና ናት። ጥያቄዬ ስለ ሻጋታው ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ፦
እሺ፣ አትቆጪ። ለምን አፈር አልሽ ግን? ኦርኪድ አፈር ውስጥ?

የመስኮት ዳር፦
የዛፍ ቅርፊት ማለቴ ነው። ውይ!

የማታ ጠል፦
እህቴ፣ ስልኩን አስቀምጪና ይህን አድርጊ። የለሰለሰውን ጣይው፤ እሱ አይድንም። የነበረበትን ሞስም፣ ያንን እርጥበት የሚይዝ ለስላሳ ተክል፣ አብረሽ ጣይ። እጅሽን ታጠቢ።

ሁለቱን ጠንካሮች መብራት ሥር አምጪ። ቡናማ፣ እንደ ወረቀት የደረቀ ገለባ አሁንም ለብሰዋል አይደል? ሻጋታው የሚኖረው እዚያ የሞተ ነገር ላይ ነው፤ ጠንካራውን በልብ ብዙ ጊዜ አይነካውም። ገለባውን ከላይ እስከ ታች በጥፍርሽ ቀስ ብለሽ ላጪው። ታች ስትደርሺ እጅሽን አቀዝቅዢ። ዓይኑ እዚያ ነው፤ ከበልቡ ጋር የተጣበቀች ሾጣጣ ነገር፣ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ። በጥፍር ከተነሳች አለቀ። አረንጓዴ ወይም ክሬም ከሆነች በሕይወት አለች። ጥቁርና ደረቅ ከሆነች ሌላውን ጎን እዪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ አለ።

ከዚያ በልቡን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊውና አንድ ቀን አየር ላይ ተዪው። አዲስ ሞስ ነክረሽ ጨምቂ፤ ጠብታ እስኪያቆም። ዋናው ስህተት እዚህ ጋ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ታቹ ብቻ ሞሱን ይንካ፣ አትቅበሪው። ላስቲኩን በየሁለት ሦስት ቀኑ ከፍተሽ አናፍሺው። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ይበቃዋል። ብርሃን ይግባ፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ እንዳያገኘው፤ ላስቲኩ ውስጥ ይቀቀላል።

የመስኮት ዳር፦
እስከ አንገታቸው ቀብሬያቸው ነበር። 😳 ሞሱም ሲጨመቅ ውሃ ይወርደዋል።

ባለ ቀረፋው፦
ከዚያ በኋላ ቀረፋ።

የማታ ጠል፦
ወንድሜ፣ ቀረፋው የተቆረጠበት ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ እሺ። ዓይኑንና ሥሩን ከነካ ግን ያደርቃል።

ለምለም፦
የገነጠልሽበትን ቦታ በቢላ አስተካክለሽ ነበር? ቢላው በእሳት ካልጸዳ ቫይረስ ሊያስተላልፍ ይችላል። እናቲቱ ቫይረስ ካለባት ደግሞ ልጁም ይዞ ነው የሚወለደው። ቅጠሏ ላይ ሰበዝ ሰበዝ የሚመስል ቢጫ ወይም ጥቁር መስመር አለ?

ዝም ብዬ አንባቢ፦
እኔም አነሳሳችሁኝ። ቤት ያለው ሰፋፊ ቅጠል ያለው ፋላኖፕሲስ ነው። የሱን ባክበልብ ከየት ነው የምቆርጠው?

ጋሽ ሥሩ፦
ከየትም! ፋላኖፕሲስ አንድ ግንድ ይዞ ወደ ላይ ነው የሚያድገው፤ በልብ የለውም። ቢላውን አስቀምጥ፣ ልጄ።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
ጋሼ፣ ትንሽ ዘግይተዋል።

የመስኮት ዳር፦
ላጥኩት!! አንዱ ላይ ዓይን አለ፤ አረንጓዴ፣ ጫፏ ትንሽ ሾል ያለች። ሌላው ላይ ሁለቱም ጥቁር ናቸው መሰለኝ፤ በደንብ አይታየኝም። ለምለም፣ መስመር የለም፤ ቢላም አልተጠቀምኩም። ስንት ጊዜ ልጠብቅ?

የማታ ጠል፦
አንዳንዱ በአንድ ወር ይነቃል፣ አንዳንዱ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ያስለምናል። ያንን ሌላውንም ጠንካራ እስከሆነ ድረስ አትጣይው። ቡቃያው ሲያድግ በልቡ ይጨማደዳል፤ አትደንግጪ፣ ልጁን እያጠባ ነው። ሥር አወጣ ብለሽ ቡቃያውን ከበልቡ እንዳትለዪው። ሥሩ ሦስት አራት ሴንቲሜትር ሲሆን ከነበልቡ ደቃቅ ቅርፊት ውስጥ ትተክይዋለሽ።

እውነቱን ልንገርሽ፦
እኔ አሁንም ያደገ ተክል ይሻላል ባይ ነኝ።

(ከ4 ወር በኋላ)

አዲስ ገቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔም ላይ ይኸው ነገር ደርሶብኝ ነው የገባሁት። የመስኮት ዳር፣ ያቺ አረንጓዴዋ ዓይን በቀለች እንዴ?

ባለ ቀረፋው፦
ቀረፋ ነስንስበት።