ሃርድቶፕ ለዳሎል፦ ከባሌስትራ ልጀምር ወይስ ከዲፍ ሎክ?

ኮረኮንች_78፦
ሰላም ልጆች፣ ያለኝ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ነው፣ 78 የሚባለው ሞዴል፣ ሞተሩ ዋን ኤችዜድ 4.2 ናፍጣ፣ ከፊት ጥቅልል ሞላ ከኋላ ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ቅጠል)። ጥር ላይ በሰመራ አድርገን አፍዴራ ከዛ ዳሎል ልንወርድ አስበናል፣ ቤተሰብም አለ። የኋላው አሁን ራሱ ሰው ሲሞላ ቁጭ ይላል ኮረኮንች ላይ ደግሞ ይደልቃል። 4 ኢንች ላስነሳው፣ 35 ኢንች ጎማ ላስገባ፣ ፊትና ኋላ ዲፍ ሎክ (የግራና የቀኙ ጎማ እኩል እንዲዞር የሚቆልፈውን) ልግጠም እያልኩ ነበር ግን ብሩ ለሁሉም አይበቃም። ከየቱ ልጀምር?

ሶማሌ_ተራ፦
ወንድሜ መጀመሪያ ስንት ኪሎ እንደምትጭን ደምር። ሁለቱም ሳልባትዮ (የነዳጅ ታንከር) 90 90 ሊትር ከሆነ ናፍጣው ብቻ 150 ኪሎ ገደማ ነው፣ አምስት ጀሪካን ውሃ ሌላ 100 ኪሎ፣ ፖርቶመጋላው (ጣራ ላይ ያለው ዕቃ መጫኛ) ላይ የምትከምረው አለ፣ ሰዎቹ አሉ። ባሌስትራ የሚመረጠው በዚህ ሂሳብ ነው። አንድ ሁለት ቅጠል ጨምሩልኝ ካልክ ይጨምሩልሃል፣ ርካሽ ነው፣ ግን ባዶውን ከተማ ስትነዳው ኩላሊትህን ያወርደዋል። ሾኩን (የመኪናውን መንጠር የሚያበርደውን) አብረህ ቀይር፣ ኮረኮንች ላይ ውስጡ ያለው ዘይት ይግልና መያዝ ያቆማል፣ ያ የሚደልቅህ ምናልባት እሱ ነው።

ጭቃ_ወዳጅ፦
4 ኢንቹን እርሳው በናትህ!! 2 ይበቃል፣ እሱም ጣጣ አለው። ፊቱን ስታነሳ አክስሉ ስለሚዞር ካስተሩ (መሪውን ቀጥ የሚያደርገው ወደኋላ ማዘንበል) ይቀንስና መሪው አስፋልት ላይ መንሳፈፍ ይጀምራል፣ እሱን የሚመልስ የካስተር ቦኮላ ያስፈልግሃል። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘች የፍሬን ቫልቭ አለች፣ የጭነቱን መጠን የምታውቀው መኪናው ስንት ዝቅ እንዳለ አይታ ነው። ካስነሳኸው ባዶ ነው ብላ የኋላ ፍሬኑን ትቀንስብሃለች፣ ቤተሰብ ጭነህ ቁልቁለት ላይ አስበው። እሷን ሳታስተካክል ከጋራዥ እንዳትወጣ፣ የፍሬን ቱቦውም ሲወጠር እይ።

አዛውንቱ_መካኒክ፦
ልጄ ዲፍ ሎክ ከመግዛትህ በፊት ያለህን አክስል እይ። የፊት ጎማ መገጣጠሚያ ላይ ያለችውን ኳስ በጨርቅ ጥረጋት፣ ወፍራም ግሪስ ከሆነ ደህና ነው፣ ቀጭን ዘይት ካገኘህ የውስጥ ፓራሊዮ (ዘይት የሚያግደው ጎማ) ሄዷል፣ የዲፈረንሻሉ ዘይት ግሪሱን እያጠበው ነው። ፓራሊዮና ኩሽኔታ ቀይር፣ ከዲፍ ሎክ በጣም ይረክሳል። አሸዋ ላይ የጎማህን አየር ወደ 18፣ 20 ፒኤስአይ አውርደው፣ መንፊያ ግን ያዝ። ከጨው ሜዳው ስትመለስ ደግሞ ከሥር በንጹህ ውሃ ደህና አርጎ ይታጠብ፣ ጨው ባሌስትራ መሃል ከገባ ይበላዋል። ለመሆኑ ዳሽቦርድህ ላይ የምትዞር የዲፍ ሎክ ማብሪያ የለችም? አንዳንዱ ከፋብሪካው አብሮት ይመጣል።

ኮረኮንች_78፦
ኧረ አለች! እኔ እኮ እስከዛሬ የማራገቢያ መስላኝ የማትሠራ ብዬ ትቻት ነበር 😂 ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ኳሷን ጠረግኳት፣ በቀኝ ግሪስ ነው በግራ ቀጭን ዘይት። ቅዳሜ ፓራሊዮ ፍለጋ መርካቶ ነኝ።