ገደል ውስጥ ያለ ፏፏቴ ልናይ ነው፤ መቼና እንዴት እንሂድ?

መንገደኛው (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ያሉ ፏፏቴዎችን ቤተሰቤን ይዤ ለማየት አስቤያለሁ። ቦታው ገጠር ነው። መኪና የሚደርሰው ገደሉ አፋፍ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፣ ታች ለመድረስም ሁለት ሰዓት ይፈጃል ብለውኛል። የምንሄደው እኔ፣ ባለቤቴ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጃችንና ጉልበታቸውን ትንሽ የሚያማቸው እናቴ ነን። ዝናቡ ሳያባራ፣ ውኃው ሙሉ ሆኖ ብንሄድ ይሻላል ወይስ ቆየት ብለን? መዋኘትስ ይቻላል? መንገድ መሪ የግድ ነው? የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «ሂድ፣ ምንም የለውም» ይለኛል። እኔ ደግሞ ልጅ ይዤ በ«ምንም የለውም» ገደል መውረድ አልፈልግም።

አፋፍ ለአፋፍ፦

ወንድሜ፣ ዝናቡ ሳያባራ አትሂድ። ሰው የሚሸወደው ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ ስለሚያይ ነው። ሸለቆ ውስጥ ፀሐይ እየሞቅክ፣ ከላይ ወንዙ ከሚነሳበት ተራራ ላይ የወረደ ዶፍ ደራሽ ውኃ ሆኖ ሊመጣብህ ይችላል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1997 አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ አንቴሎፕ ካንየን የሚባለው ጠባብ ገደል ውስጥ 11 ቱሪስቶች የሞቱት በዚህ መንገድ ነው። እነሱ የነበሩበት ቦታ እምብዛም አልዘነበም፤ ዶፉ የጣለው ከላይ ራቅ ብሎ ነበር። ስለዚህ የአየር ትንበያ ስታይ የፏፏቴውን ሳይሆን የወንዙን አናት እይ።

ታች ስትደርስ ደግሞ ዛፎቹን ቀና ብለህ ተመልከት። ቅርንጫፍ ላይ የተጠላለፈ ደረቅ ሣር፣ ጭራሮና የላስቲክ ቁራጭ ታያለህ። እሱን ማንም ሰው እዚያ አልሰቀለውም፣ ያለፈው ጎርፍ የደረሰበት ልክ ነው። ከራስህ በላይ ከሆነ፣ ምሳ የምትበሉበትን ቦታ ከዚያም ከፍ አድርገህ ምረጥ። ጥርት ያለው ውኃ በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ መውረድ ከጀመረ፣ ወይም ከላይ እንደ ከባድ መኪና የሚያጓራ ነገር ከሰማህ ዕቃ ልሰብስብ እንዳትል። ልጁን ይዘህ ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታ ውጣ። በወንዙ አቅጣጫ ወደ ታች ሮጦ ያመለጠ የለም።

ብርሃን አሳዳጇ፦

በዝናቡ እስማማለሁ፤ ለደኅንነት ብቻ ሳይሆን ለዓይንም ቢሆን። ውኃው በበዛ ቁጥር የበለጠ ያምራል የሚባለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ዛምቢያና ዚምባብዌ ድንበር ላይ የሚገኘው፣ 108 ሜትር ከፍታ ያለው ቪክቶሪያ ፏፏቴ ውኃው ጢም ሲል ፍንጣሪው እንደ ጉም ይነሳና ፊት ለፊትህ ያለውን ፏፏቴ ራሱን ይጋርደዋል። በስብሰህ ትመለሳለህ እንጂ ብዙ አታይም። በደረቁ ወራት ደግሞ በዛምቢያ በኩል ያለው ገደል አብዛኛው ድንጋይ ብቻ ይቀራል። እኔ የምመርጠው ዝናቡ ካባራ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ነው፦ ውኃው ገና አልቀነሰም፣ ጠርቷል፣ መንገዱም ደርቋል።

ሰው የማይጠይቀው አንድ ነገር አለ። ከላይ ግድብ ወይም የኃይል ማመንጫ አለ ወይ? ካለ ውኃው የሚጨምረውና የሚቀንሰው በዝናብ ብቻ አይደለም። ናያግራ እንኳ ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ1950 አሜሪካና ካናዳ በተፈራረሙት ውል መሠረት ጎብኚ በሚበዛበት ወቅት ቀን ላይ ብዙ ይለቀቅለታል፣ ማታ ይቀነስበታል። ደክመህ ወርደህ ደረቅ ገደል ከማየት አስቀድሞ መደወል ነው።

ቀስተ ደመና ከፈለግክ ፀሐይን ለጀርባህ ስጥ። ለፎቶ ደግሞ፣ ጥልቅ ገደል ውስጥ ፀሐይ የምትገባው እኩለ ቀን አካባቢ ስለሆነ ከ5 እስከ 7 ሰዓት ታች ብትሆኑ ጥሩ ነው። ለሌንስ መጥረጊያ ከአንድ በላይ ጨርቅ ያዝ፤ አንዱ ወዲያው ይበሰብሳል።

ነርስ ነኝ፦

ይቅርታ እህቴ፣ የፎቶው ሰዓት ለዚህ ቤተሰብ አይሆንም። ተራራ ከወጣህ የሚከብደው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ገደል ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ዳገቱ የሚጠብቅህ ከደከመህ በኋላ ነው። አሜሪካ ባለው ጥልቅ ገደል፣ ግራንድ ካንየን ውስጥ ለጎብኚዎች የሚነገረው መመሪያ መውጫው የመውረጃውን እጥፍ ይወስዳል የሚል ነው። ሁለት ሰዓት ከወረዳችሁ አራት ሰዓት ትወጣላችሁ ማለት ነው። በ7 ሰዓት ብትነሱ 11 ሰዓት፤ ልጁ ቢደክመው፣ አንዱ እግሩ ቢወለም ደግሞ ጨለመባችሁ። በዚያ ላይ ታች ይሞቃል፤ 1000 ሜትር በወረድክ ቁጥር በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጨምራል። እኔ ብሆን ገና ጎህ ሲቀድ እነሳለሁ፣ በ4 ሰዓት መመለስ እጀምራለሁ።

እናትህን በተመለከተ፣ የታመመ ጉልበት ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት ይጎዳዋል። ሁለት ምርኩዝ ይያዙ፣ እርምጃቸው አጭር ይሁን፣ ቶሎ ቶሎ ይረፉ። እውነቱን ንገሪኝ ካልክ ግን፣ ከአፋፉ ፏፏቴው የሚታይበት ቦታ ካለ እሳቸው ከአንዳችሁ ጋር እዚያው ቢቀሩ ይሻላል።

አፋፍ ለአፋፍ፦

ነርሷ ልክ ናት፣ ግን እናትን እዚያ ድረስ ወስዶ አፋፍ ላይ ማስቀመጥም ይከብዳል። በቅሎ የሚያከራዩ ካሉ ጠይቅ። ለመውጫው ነው ታዲያ፤ ቁልቁለቱን በቅሎ ላይ ተቀምጦ መውረድ ለለመደው ካልሆነ ያስፈራል።

መንገድ መሪ ላልከው፣ አዎ፣ ከዚያው ሰፈር ሰው ያዝ። የወንዙን መሻገሪያ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ትናንት የተናደውንም መንገድ እንደዚሁ። ክፍያውን ከመውረዳችሁ በፊት ተስማሙ፤ ታች ወርዶ መከራከር ደስ አይልም። ኔትወርክ ላይኖር ስለሚችል ካርታውን አስቀድመህ ስልክህ ላይ አውርድ፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱም ላይ ለሚቀር ሰው ንገር።

ወንዝ ዳር ያደገ፦

ስለ ዋናው እኔ ልመልስ። ፏፏቴው የሚወድቅበት ባሕር ውስጥ አትግቡ። ነጭ አረፋ የሚታየው ውኃ ብዙ አየር የተቀላቀለበት ነው፤ አየር ደግሞ ሰው አያንሳፍፍም፣ ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን ይሰምጣል። የሚወድቀው ውኃ ወደ ታች ይገፋሃል፣ አዙሪቱ መልሶ ፏፏቴው ሥር ይከትሃል። ከገደል አናት መዝለልማ አይወራም፣ ዘንድሮ ጥልቅ የነበረ ቦታ በክረምቱ ጎርፍ ድንጋይ ሊገባበት ይችላል። ልጁ እንዲንቦራጨቅ ከፈለግክ ወረድ ብሎ ውኃው የተኛበት፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቦታ ፈልግለት፤ ሆኖም ከቦታው ቀጥሎ ሌላ ፏፏቴ አለመኖሩን አረጋግጥ። ፏፏቴዎች ያልከው ብዙ ስለሆነ ነው ይህን የምለው። ሰው የሚወሰደው ከሥር ብቻ ሳይሆን ከአናቱም አዳልጦት ነው።

መንገደኛው (ጠያቂ)፦

እግዜር ይስጥልኝ። ጉዞው ዝናቡ ካባራ በኋላ እንዲሆን ወስነናል። እናቴ «አፋፍ ላይ ቁጭ ብዬ ድምፁን ብሰማ ይበቃኛል» ብለዋል፣ ባለቤቴ አብራቸው ትቆያለች። አንድ የቀረኝ ጫማ ነው። ለልጁ ክፍት ሰንደል ይበቃል?

ወንዝ ዳር ያደገ፦

አይበቃም። ጣት የሚሸፍን፣ ሶሉ ለስላሳና ጥርስ ያለው ጫማ አድርግለት፤ አዲስ ከሆነ ቤት ውስጥ ይልመደው። ፍንጣሪ የሚያርፍበት ድንጋይ ላይ አረንጓዴ ነገር ካየህ የትኛውም ጫማ አይዝም፣ በደረቁ በኩል ዙሩ።

ነርስ ነኝ፦

ሁለት ካልሲም ትርፍ ያዝለት። በበሰበሰ ካልሲ አራት ሰዓት ዳገት ከወጣ እግሩ ውኃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ተሸካሚው አንተ ነህ።