ሞተሩ ይፈላል፣ ማሞቂያው ግን ቀዝቃዛ አየር ይነፋል

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ጤና ይስጥልኝ። አሮጌ ኮሮላ አለኝ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ከአዲስ አበባ ስመለስ ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ይጠጋል። ሸኖን ሳልፍ ብርዱ ስለሚጠና ማሞቂያውን እከፍታለሁ፤ የሚወጣው ግን ከውጭው አየር የማይሻል ነው። ሞተሩ ይነድዳል፣ እኔ ጋቢ ለብሼ እነዳለሁ። ውሃው ሙሉ ነው፣ ማራገቢያውም ይዞራል። መካኒኬ «የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ አናትና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ሞተሩ ይከፈት» ብሎኛል። ወጪው ከባድ ስለሆነ ምክራችሁን ፈለግሁ።

የረጅም መንገድ ሾፌር፦ ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲግል ወደ ራዲያተር መንገድ የሚከፍተውን በር) አውጥተህ ጣለው። እኔ ከጣልኩት ዓመታት አልፈዋል፤ ምንም አልሆንኩም።

መካኒክ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ አልስማማም። ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቢቀር ውሃው ወደ ራዲያተር አይሄድም እንጂ ወደ ማሞቂያው መዞሩን አይተውም፤ ስለዚህ ማሞቂያው እንዲያውም ይፋጅ ነበር። ማራገቢያው ቢበላሽም እንደዚሁ ነው። ሞተር ግሎ ማሞቂያ ከቀዘቀዘ ትኩስ ውሃ እዚያ አልደረሰም ማለት ነው፦ ወይ ውሃ ጎድሏል፣ ወይ አየር ገብቷል፣ ወይ ፓምፑ አይገፋም፣ ወይ የማሞቂያዋ ትንሽ ራዲያተር ተደፍናለች። ጠያቂ፣ «ሙሉ ነው» ያልከው የቱን አይተህ ነው?

ጠያቂ፦ የፕላስቲኩን ማጠራቀሚያ። የራዲያተሩን ክዳን መኪናውን ከገዛሁ ጀምሮ ከፍቼው አላውቅም።

መካኒክ፦ እንግዲህ ከዚያ እንጀምር። ሞተሩ ሲግል ክዳኑ ትርፉን ውሃ ወደ ፕላስቲኩ ይለቃል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይስባል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ቀጭኗ ቱቦ ከተሰነጠቀች በውሃው ፈንታ አየር ይስባል። ፕላስቲኩ ሙሉ እንደሆነ ራዲያተሩ ይራቆታል። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ክፈተው። ትኩስ ሆኖ እንዳትነካው፤ በዚህ ፊታቸው የተቃጠለ ሰዎች አይቻለሁ።

አንዲት አባል (ሚኒሶታ)፦ ወንድሜ፣ ክዳኑን አትናቀው። በእናንተ ከፍታ ክፍት ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 0.9 (የሚይዘው ግፊት በባር) የተጻፈበት ደህና ክዳን ግን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ራዲያተሩን በቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙላው፤ ኩላንት (ከውሃው ጋር የሚቀላቀለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ዝገትንም ውርጭንም ይከላከላል።

ጠያቂ፦ ዛሬ ጠዋት ከፈትኩት፤ ውሃ የሚባል አይታይም። ሁለት ሊትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ገባ! አፍንጫውን ወደ ዳገት አቁሜ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ወደ ሙቅ አዙሬ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ አስነሳሁት። አሥር ደቂቃ ያህል አረፋ ሲያወጣ ቆየ፤ በጎደለ ቁጥር ጨመርኩ። ማሞቂያው አሁን ያቃጥላል። አረፋው ግን አስፈራኝ፤ ጓርኒሲዮኑ ይሆን?

መካኒክ፦ የታሰረ አየር ወጥቶ ያልቃል። ግማሽ ሰዓት አልፎም ነዳጅ በሰጠኸው ቁጥር አረፋ ከመጣ፣ ቀዝቅዞ ያደረ ሞተር በተነሳ በደቂቃ ውስጥ የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ ከደነደነ፣ ወይም ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ያኔ መካኒክህ ልክ ነው። ሌላው ጥያቄ ሁለቱ ሊትር የት ሄደ የሚለው ነው። ከጋቢናው ተሳፋሪ እግር ስር ያለውን ምንጣፍ ዳስስ፤ ከራሰ የምታፈሰው የማሞቂያዋ ራዲያተር ናት። ከዚያ በፓምፑ ስር በባትሪ ተመልከት።

ጠያቂ፦ አረፋው ቆሟል፣ ዘይቱ ንጹህ ነው፣ ምንጣፉም ደረቅ ነው። በፓምፑ ስር ግን ወርዶ የደረቀ ነጭ መስመር አለ። ክዳኑን ዛሬ ገዛሁ። ፓምፑን አዲስ አበባ ሄጄ ባስቀይረውስ?

መካኒክ፦ መስመሩ ፓምፑ ያፈስ እንደነበር ያሳያል። ሞተሩን አጥፍተህ የፓምፑን ፑሊ (ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ) ያዝና ነቅንቀው። ከተወዛወዘ ከከተማ አትውጣ፤ ቺንጋውን መንገድ ላይ ይበጥስብሃል። ካልተወዛወዘ አምስት ሊትር ውሃ ጭነህ ቀስ ብለህ ሂድ፣ ማሞቂያውንም አትዝጋው። ድንገት መቀዝቀዝ ከጀመረ መርፌው እስኪወጣ ሳትጠብቅ ቁም።