ታክሲ ውስጥ እያስመለሰኝ ተቸገርኩ፣ እርግዝና እንዲህ ነው እንዴ?

የቱሉዲምቷ፦
ሰላም እህቶች፣ የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው 9ኛ ሳምንት ላይ ነኝ እና ማቅለሽለሹ ሊገለኝ ነው። የጠዋት የጠዋት ሲባል እሰማ ነበር፣ የኔ ግን ጠዋትም ቀንም ማታም ነው፣ ማታ እንደውም ይብሳል። ቤታችን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው ስራዬ ደሞ ሳሪስ። ገና ሳይነጋ ተሰልፌ ሚኒባስ ውስጥ እገባለሁ፣ መስኮት ልክፈት ስል ከኋላ ያለው ሁሉ ብርድ መታን ብሎ ይጮሃል፣ ናፍጣው አለ፣ የሰው ሽቶ አለ፣ አንዷ ደሞ ትኩስ ሳምቡሳ ይዛ ትገባለች፣ በቃ ቃሊቲ ሳንደርስ ፌስታሌን አወጣለሁ። ሰው ዞር ዞር ብሎ ሲያየኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ነው የምለው። መስሪያ ቤት ደሞ ሶስት ወር ሳይሞላ አይወራም ስለተባልኩ ጨጓራዬ ነው እያልኩ ነው።

ቤት ስመለስ አራተኛ ፎቅ ነን፣ ደረጃውን ስወጣ የየቤቱ ቁሌት አንድ ላይ ይመጣብኛል። ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ቡና ሲቆላ ሳይቀር (ቡና እኮ ነፍሴ ነበር!)። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ባልዲ ለማጠብ እንኳን አስቤ ነው። ባሌ ምን ልግዛልሽ ይላል፣ አናናስ እለዋለሁ፣ ይዞ ሲመጣ ደሞ አናናሱን ማየት አልፈልግም፣ ምስኪን።

አማቴ እኛም እንዲሁ ነው የወለድነው ዋጥ አርጊው ትላለች፣ ጤና አዳም አፍልታ ጠጪ ብላ አስቀምጣልኛለች፣ ገና አልጠጣሁትም። ጤና ጣቢያ የሰጡኝን የደም ማነስ ኪኒን ደሞ ስውጠው ወዲያው ነው የሚወጣው፣ ልተወው ወይ? ሁዳዴም ገብቷል። ልጁስ ምንም ሳልበላለት ምን ሊሆን ነው? ያለፋችሁበት እባካችሁ።

ማማ ኮዬ ፈጬ፦
አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ ብቻሽን አይደለሽም፣ ከአስር እርጉዝ ሰባት ስምንቷ ታቅለሸልሻለች። እኔን በሁለቱም ልጆቼ አሰቃይቶኛል፣ በተለይ በሁለተኛው ምራቄን እንኳን መዋጥ አቅቶኝ ኩባያ ይዤ ነበር የምዞረው።

በኔ የሰራው ምን መሰለሽ፣ ባዶ ሆድ ነው ዋናው ጠላት። ማታ ራስጌሽ ዳቦ ቆሎ ወይ ደረቅ ብስኩት አስቀምጪ፣ ስትነቂ ቀና ሳትይ ትንሽ ቆርጠም ቆርጠም አርጊ፣ ከዛ ሃያ ደቂቃ ያህል ጋደም ብለሽ ቀስ ብለሽ ተነሺ፣ ዘለሽ ከአልጋ ከወረድሽ አለቀልሽ። ቀኑን ሙሉ ደሞ ምሳ እራት የሚባለውን እርሺው፣ በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ነገር ነው። የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ ቂንጬ፣ የበሶ ጭብጦ (በሶ በስራ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ማንም አይጠይቅሽም)። ምግብሽን አቀዝቅዢው፣ ትኩስ ነገር ነው የሚሸተው፣ ቀዝቃዛ ሽሮ ሲባል ሰው ይስቃል ግን እኔን ያወረደልኝ እሱ ነው። ውሃ ከምግብ ጋር አትጠጪ፣ በመሃል በመሃል ጉንጭ ጉንጭ አርገሽ ነው። አንድ ኩባያ ሙሉ ግልብጥ ካደረግሽ ተመልሶ ይመጣል። ዝንጅብል በሻይ ሞክሪው፣ ብዙዎችን ይረዳል፣ ግን ልክ ይኑረው።

ታክሲ ላይ ጋቢና ያዢ!! ረዳቱን እርጉዝ ነኝ በይው፣ አትፈሪ፣ እነሱ እንደምታስቢያቸው አይደሉም፣ አንዴ ካወቁሽ ቦታ ይይዙልሻል። ሎሚ ልጣጩን ቧጨር አርገሽ በመሀረብ ይዘሽ አሽቺ። ስልክ እያየሽ አትሂጂ ይብስብሻል፣ ሩቅ ሩቁን እዪ። ካስመለሰሽ በኋላ ደሞ ጥርስሽን ወዲያው አትቦርሺ፣ አሲዱ ጥርስ አለስልሶት ስለሚቆይ በውሃ ብቻ ተጉመጥምጠሽ ትንሽ ቆይተሽ ቦርሺ።

እትዬ የሰንዳፋዋ፦
ልጄ እንኳን ማርያም ማረችሽ እስክንልሽ በሰላም ያድርስሽ። ይሄ ሁሉ የሴት ልጅ ነው ይባላል፣ ሴት ስትሆን ነው እንዲህ የምታሰቃየው፣ ጸጉር ስታበቅል ነው ቃሩም የሚመጣው ሲሉ ነው የሰማነው። አማትሽን አትናቂ፣ እኛ ጊዜ ዶክተር የታለና። ጤና አዳም ሆድ ያጸዳል፣ በትንሹ ቅመሺ ምንም አይልሽ።

አዋላጅ ነኝ፦
እትዬ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ አልስማማም። ጤና አዳም በእርግዝና ጊዜ አይጠጣም፣ ማህጸንን ሊያኮማትር የሚችል ቅጠል ነው፣ በብዙ አገር ጽንስ ለማስወረድ ይጠቀሙበት የነበረ ነው። ኮሶም እንዲሁ። ፌጦንም በባህላችን ራሱ እናቶች ለነፍሰ ጡር አይሰጡም፣ ያ በከንቱ አይደለም። የአማትሽን ላለማስቀየም ከፈለግሽ ሃኪም ከለከለኝ በያት፣ በኛ አሳብቢ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ማቅለሽለሹ ብዙ ጊዜ 6ኛ ሳምንት አካባቢ ይጀምርና 9ኛ ላይ ይጠነክራል፣ ስለዚህ አሁን ከፍታው ላይ ነሽ፣ ከ12 እስከ 16 ባለው አብዛኛው ሰው ይለቀዋል፣ አንዳንዷ እስከ 20 ትሄዳለች። ልጁ አሁን ገና ቁመቱ 2 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፣ ከሰውነትሽ ክምችት ይወስዳል፣ ጥቂት ሳምንት በደንብ ባትበዪ የሚጎዳው ከሱ በፊት አንቺ ነሽ። ዋናው ነገር ፈሳሽ ነው።

ኪኒኑን በራስሽ አትተዪ። የሚሰጥሽ አይረንና ፎሊክ አሲድ አንድ ላይ ነው፣ አስቸጋሪው አይረኑ ነው። ማታ ልትተኚ ስትይ ትንሽ ነገር በልተሽ ውሰጂው፣ ከቡናና ከሻይ አራርቂው እነሱ አይረኑን እንዳይሰራ ያደርጋሉ። እንደዛም ሆኖ ከወጣ ለሚከታተልሽ ባለሙያ ተናገሪ፣ እስኪሻልሽ ፎሊክ አሲዱን ብቻ ሰጥተውሽ አይረኑን በኋላ የሚያስጀምሩበት መንገድ አለ። ፎሊኩ የጽንሱን አከርካሪና አንጎል ስለሚመለከት መቅረት የለበትም።

አሁን ከምንም በላይ አስምሪበት የምልሽ፦ ሽንትሽ ጠቆር ካለ ወይ ስምንት ሰዓት ያህል ሽንት ካልመጣሽ፣ ሙሉ ቀን ውሃ እንኳን ካልቆየልሽ፣ ስትቆሚ ዓይንሽን ካጨለመሽ፣ ትውከቱ ደም ካለው፣ ዋጥ አርጊው የሚባል ነገር የለም፣ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ነው። ትኩሳት ወይ ሽንት ሲመጣ ማቃጠል ካለም የእርግዝና ነው ብለሽ አትለፊው፣ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ኪሎሽንም እዪ፣ ለምሳሌ 56 ኪሎ የነበረች ከ53 በታች ከወረደች ተራ ማቅለሽለሽ አይደለም። በመንግስት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል በነጻ ነው፣ ብር የለኝም ብሎ መቅረት አያስፈልግም።

የቤቴልዋ፦
አዋላጇ ያለችውን አጥብቄ እደግፋለሁ፣ እኔ ያ ተራ ያልሆነው ደርሶብኝ ነበርና። ሃይፐርኤሜሲስ ይሉታል፣ ከባድ የእርግዝና ትውከት ማለት ነው። የእንግሊዟ ልዕልት ኬት እኮ በፈረንጅ 2012 በዚሁ ነው ሆስፒታል የገባችው፣ ቤተመንግስት ተቀምጣም አልቀረላትም ለማለት ነው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ (ስሙን አልጠራም) እህትዬ ሁሉም እናት ያልፍበታል ብሎ ኪሎዬን እንኳን ሳይለካ አሰናበተኝ። ሌላ ቦታ ሽንቴን ሲያዩ ኬቶን (ሰውነት ምግብ ሲያጣ ስብ አቃጥሎ የሚያወጣው) ሞልቶ ተገኘ፣ አስተኙኝ። የሚያናድደኝ ሰው በጭንቀት ነው፣ ልጁን ስለማትፈልጊው ነው ማለቱ ነው። በፈረንጅ 2023 መጨረሻ የወጣ ጥናት አንብቤያለሁ፣ ጂዲኤፍ15 የሚባል ሆርሞን ጽንሱና እንግዴ ልጁ ያመርታሉ፣ ከእርግዝና በፊት ሰውነቷ ያን ሆርሞን ያልለመደ ሴት ላይ ነው የሚብሰው። ጥናቱን ከሰሩት አንዷ ማርሊና ፌይዞ ራሷ በዚህ ህመም ልጇን ያጣች ሴት ናት። ስለዚህ ማንም ደካማ ነሽ ሲልሽ አትስሚ።

አዋላጅ ነኝ፦
ጨምሬ አንድ ነገር፣ ሰፈር ክሊኒክ ገብቶ ግሉኮስ ስቀሉልኝ የሚባለው ልማድ። ብዙ ሳምንት ያስመለሳት ሴት ቫይታሚን ቢ1 ሳይሰጣት ግሉኮስ ብቻ ከተሰጣት አንጎሏ ላይ ከባድ ጉዳት ሊደርስ ይችላል። የሚሰቅሉልሽ ከሆነ ቢ1 ተሰጥቶኛል ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ አትፈሪ።

ፋርማሲስቱ፦
እኔ ጋር ፕላሲል (የማስመለስ መድሃኒት) ስጠኝ እያሉ ባል ይልካሉ። ያለ ማዘዣ አልሰጥም ስል ይቆጡኛል። ባልየው ልክ ነው፣ የሚረዱ መድሃኒቶች አሉ፣ ቫይታሚን ቢ6 መጀመሪያ የሚሞከር ነው፣ ከሱ በላይ ያሉትም ሃኪም አይቶ ሲያዝ የሚሰጡ ናቸው። ግን በፈረንጅ 1950ዎቹ መጨረሻ ታሊዶማይድ የሚባል መድሃኒት ለማቅለሽለሽ ለእርጉዞች በሰፊው ተሰጥቶ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች እጅና እግራቸው በደንብ ሳይፈጠር ተወለዱ፣ በፈረንጅ 1961 ነው ከገበያ የወጣው። ከዛ ወዲህ ነው ቁጥጥሩ የጠበቀው። በሌላ በኩል ደሞ መድሃኒት ፈርቶ እስኪወድቁ መታገስም ጥሩ አይደለም፣ ሁለቱም ጽንፍ ነው።

ያያ፦
ወንድ ነኝ ይቅርታ ልግባ። ሚስቴ ላይ ያየሁትን ልናገር፣ ለባልሽ አሳዪው። ቁሌቱን ጎረቤት ቤት ወይ በረንዳ ላይ ከሰል አርጎ እሱ ይስራ፣ ሽቶውን ይተው፣ ባልዲውንም እሱ ይጠብ። እኔ ሲጋራ ያቆምኩት በዚህ ሰበብ ነው። አናናሱን ደሞ ራሱ ይብላው ሃሃ።

ማማ ኮዬ ፈጬ፦
ያያ ተባረክ 😂 ስለ ጾሙ የረሳነው። የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ እኔን እርጉዝ ነሽ ታማሚም ነሽ ብለው ፈቅደውልኝ ነበር። ሙስሊም እህቶችም እርጉዝ ብትቸገር ረመዳንን ቆይታ ታወጣለች ይላሉ። የጾም ምግብ ራሱ ሆድ ከተስማማሽ ብዪ እንጂ፣ ችግሩ እስከ ሰባት ሰዓት ባዶ ሆድ መዋሉ ነው።

የቱሉዲምቷ፦
እናንተ ባትኖሩ ምን እሆን ነበር ❤ ዳቦ ቆሎውን ዛሬ ገዛሁ። ጤና አዳሙን ደሞ ባሌ ራሱ ሃኪም ከልክሏታል ብሎ ለእናቱ ይንገርልኝ ብዬዋለሁ። አዋላጅዬ አንድ ጥያቄ፣ ካርድ ያወጣሁ ቀን 58 ነበርኩ፣ ዛሬ ሱቅ ባለች ሚዛን 56 መጣሁ፣ ልፍራ? ሽንቴ ቢጫ ነው ጥቁር አይደለም፣ ውሃም ጥቂት ጥቂት ይቆይልኛል።

አዋላጅ ነኝ፦
አትፍሪ፣ የሱቅ ሚዛንና የጤና ጣቢያ ሚዛን አንድ አይሆኑም፣ ግን ዝም ብለሽም አትቀመጪ። በዚህ ሳምንት ሄደሽ እዛው በነሱ ሚዛን ተመዘኚ፣ ሽንትሽንም ኬቶን ይዩልሽ። ከ55 ከወረድሽ ቀጠሮሽ እስኪደርስ አትጠብቂ። እስከዛ ኦአርኤስ በጥብጠሽ በማንኪያ በማንኪያ ጠጪ፣ ቀዝቀዝ ሲል ይሻላል።