ደብተሬን ከፍቼ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ይሄዳል

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቀን መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ እይዛለሁ። አካውንቲንግ በርቀት እየተማርኩ ነው፤ ለፈተና 5 ሳምንት ቀርቶኛል።

ከአውቶቡስ ወርጄ ቤት ስገባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ራት በልቼ ደብተሬን እከፍታለሁ። አንዱን አንቀጽ ሦስቴ አነበዋለሁ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ትናንት የእርጅና ቅናሽ (ንብረት ሲያረጅ የሚቀንሰው ዋጋ) ስሌት ጀምሬ እስክሪብቶዬ አንድ ቁጥር ላይ ቆመ። ቀና ስል ቀለሙ ወረቀቱን አርሶ ወደ ኋላ ገጽ አልፏል። ሐሳቤ የነገ የአውቶቡስ ሰልፍ ላይ ነበር።

ስልኬን ማታ ማታ ለእህቴ እሰጣለሁ። ይሄ በእውነት ረድቶኛል። 25 ደቂቃ አጥንቶ 5 ደቂቃ ማረፍ የሚባለውን ፖሞዶሮም ሞከርኩ። ሦስት ቀን ሠራ። ከዚያ አምስቷ ደቂቃ አልጋ ላይ አርባ ሆነች። ቡና ስጨምር ደግሞ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እንቅልፍ አጣሁ፤ 11 ሰዓት ላይ መነሳት አለብኝ።

ይህን ትምህርት መጨረስ በጣም እፈልጋለሁ። ሥራ ውላችሁ የምታጠኑ፣ በጊዜ ተኝቶ ሌሊት 10 ሰዓት መነሳት ነው ወይስ ማታውን እንደምንም ማስተካከል ትኩረታችሁን የመለሰላችሁ?